ጨርቅ አጥፎ የሄደው ሌባ

ሰኞ ጠዋት የአጎቴን ልብስ ስፌት ቤት ስከፍት ክው ያልኩት ሱቁ ተሰብሮ ስላገኘሁት አይደለም። ጸድቶ ስላገኘሁት ነው።

ቅዳሜ እንዴት ትቼው እንደወጣሁ አውቃለኋ! መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ የሦስት ሰው ጨርቅ እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ የቁልፍ ቆርቆሮው ተደፍቶ፣ ጠመኔው ወንበር ላይ፣ ወንበሩ በር ላይ። አጎቴ «ነገ የሚባል ቀን የተፈጠረው ላንቺ ነው» ይለኛል። አሁን ግን ጨርቁ ሁሉ በአራት ማዕዘን ታጥፎ፣ ትልቁ ከታች ትንሹ ከላይ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ ተደርድሯል። ቁልፎቹ እንኳ ተለቅመው ቆርቆሮአቸው ውስጥ ገብተዋል። ወደ ጓሮው መስኮት ዞር አልኩ። የመስኮቱ ብረት ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ስምንቱ ብሎኖች ደፉ ላይ በሰልፍ ተቀምጠዋል፤ በቁመታቸው!

ሦስተኛውን መሳቢያ ሳብኩት። ባዶ።

ጩኸቴን ለቀቅኩት። ዳቦ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን እትዬ ዳቦ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ሮጠው መጡ።

«ምን ሆንሽ? እባብ ነው?»

«ሌባ ነው!»

ዙሪያውን አዩና «ይሄ ቤት እኮ የተዘረፈ አይመስልም» አሉ፤ «ድግስ ያለበት ነው የሚመስለው።»

የስፌት መኪኖቹ አሉ፣ ካውያው አለ፣ የቅዳሜው ገንዘብ እንኳ ከነሳጥኑ አለ። የጠፋው አንድ አሮጌ ደብተር ብቻ ነው። ደብተሩ ምን እንደሆነ ካልነገርኳችሁ ደግሞ «ለደብተር ነው እንዲህ የምትጮሂው?» ትሉኛላችሁ።

አጎቴ ከአገራችን ሳንሰደድ በፊት ሦስት ዓመት አንድ ካምፕ ውስጥ ታስሯል። ልብስ ሰፊ መሆኑን ሲያውቁ የጠባቂዎቹን የደንብ ልብስ እንዲሰፋ አደረጉት። ልካቸውን የሚጽፍበትን ደብተር በኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ይዞት ወጣ። በደብተሩ ውስጥ የካምፑ አዛዥ ልክ አለ። አጎቴ የሰውየውን ፊት አይቶት አያውቅም። «ዓይንህን ከኮሌታ በላይ እንዳታነሳ» ተብሎ ነው የሚለካው። ሰውየው ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ ይቆማል፣ ትንፍሽ አይልም፣ ጠባቂው ነው የሚያወራለት። ከኮሌታ በታች ግን አጎቴ ሰውየውን ከገዛ ሚስቱ በላይ ያውቀዋል። ግራ ትከሻው በአንድ ጣት ዝቅ ይላል። ቀኝ እግሩ በሁለት ጣት ያጥራል።

እዚያ ካምፕ ከገቡት ብዙዎቹ አልወጡም። አንዱ አባቴ ነው። ሲወስዱት የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሦስቴ አመልክታ ሦስቴም አንድ ዓይነት መልስ መጣላት፤ «ካምፕ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሰው አልታሰረም።» አሁን ግን ሐሙስ መርማሪዎች ይመጣሉ። ግፍ ሠርተው የተሰወሩ ሰዎችን ከአገር አገር እየተከተሉ የሚያድኑ ናቸው። አዛዡ ስሙን ለውጦ፣ እንደኛው ስደተኛ ነኝ ብሎ ይኖራል የሚል ወሬ ደርሷቸዋል። የአጎቴን ቃል ሊሰሙ፣ ደብተሩን ሊያዩ ነው የሚመጡት። ደብተሩ ከሌለ አጎቴ «ፊቱን አላየሁትም» የሚል አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው።

ሰኞ ነው እንግዲህ። ሦስት ቀን ቀርቷል።

* * *

ኢንስፔክተሯ በእግሯ መጣች። ሰፊ ሴት ናት (ልብስ ሰፊ ሳይሆን በወርድ ሰፊ)፤ ፊቷ ሳቂታ፣ ጃኬቷ ደግሞ አንዲት ቁልፉ በአንድ ክር ተንጠልጥላ «ልውደቅ አልውደቅ» እያለች። ያንን መስኮት ከውጭም ከውስጥም አየችው፣ ብሎኖቹን ቆጠረቻቸው፣ የታጠፈውን ጨርቅ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። አጎቴ ፊቱ አመድ መስሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«አባባ፣ እየሰሙኝ ነው?»

«እየሰማሁ ነው። ጃኬቱን ግን ያውልቁት።»

«ምን አሉኝ?»

«ቁልፉ ሊወድቅ ነው። እሱን እያየሁ ማሰብ አልችልም።»

አወለቀችው። አጎቴ ወደ እኔ ወረወረው። ምርመራው የተካሄደው እንግዲህ እኔ ቁልፍ እየተከልኩ ነው።

«ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ ጋ» ብዬ መርፌዬን አሳየኋት።

«የበሩን ነው ያልኩሽ።»

«እሱም እኔ ጋ ነው።»

«እሺ የኔ እመቤት። ደብተሩ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ቁልፍ አለሽ። ቁልፍ ያለው ሰው መስኮት ፈታትቶ ‹ሌባ ገባ› ማለት ይችላል። እሁድ፣ ሱቁ ዝግ ሳለ፣ የት ነበርሽ?»

«ቤት ተኝቼ።»

«ማን አየሽ?»

«ተኝቼ እኮ ነው! ማን እንዳየኝ በምን አውቃለሁ?»

ያኔ አጎቴ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ኢንስፔክተር፣ ይሄን ጨርቅ አጥፋለች ብለው ይክሰሱልኝ። እናቷ በደስታ ትመርቅዎታለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሞክረን አቅቶናል።»

ኢንስፔክተሯ አንድ ጨርቅ ዘርግታ ሰጠችኝ። «እጠፊ።»

አጠፍኩ። እውነቴን ነው፣ የምችለውን ያህል ተጠንቅቄ ነው ያጠፍኩት።

ዞር አድርጋ፣ ገልብጣ፣ ከላይ ከታች አየችው። «ይሄ ምንድነው? ዱባ ነው? በቃ ነጻ ነሽ።»

ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር? ሳልወስን ቀጣዩ ጥያቄ መጣ።

«ደብተሩ እዚህ መኖሩን ማን ያውቃል?»

መርፌዬን አፈጠንኩ።

«አንቺን ነው። ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም! ማለቴ... ዓርብ እዚህ ለነበሩት ብቻ።»

ዓርብ የነበሩት ሦስት ናቸው። እትዬ ዳቦ ሽርጣቸውን ሊያስጠብቡ መጥተው ነበር፤ ሲለኩ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ትንፋሻቸውን ስለሚይዙ እኛም አብረን ትንፋሽ እንይዛለን። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሰፈሩ ፋሽን ነው የሚለው፣ «ጥቁር ክር አለቀብኝ» ብሎ ሊሰልለን የሚመጣ ተፎካካሪያችን። ሦስተኛው ደግሞ አበባ ሻጩ ጋሼ ኩርኮራ ናቸው። ስማቸውን እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሜትር ሲነካቸው ይኮረኩራቸዋል፣ ስለዚህ አይለኩም፤ ዓርብም የድሮ ሱሪያቸውን በፌስታል ይዘው «በዚህ ልክ ስፉልኝ» ብለው ነው የመጡት። ማታ ማታ የተረፋቸውን አበባ ይሰጡኛል። እሳቸውም ስደተኛ ናቸው፣ እንደኛው።

ለሦስቱም ነገርኳቸው። ሐሙስ ሰዎች እንደሚመጡ። ደብተሩ እንዳለ። በቢጫ ፕላስቲክ እንደተጠቀለለ። ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሆነ።

«የመሳቢያውን ቁጥርም?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ወሬው መጣልኝ፣ ተናገርኩት...»

አጎቴ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጠመኔውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። በቃ፤ አፌን የሚሰፋ ሰው ቢገኝ በሁለት ክር አሰፋው ነበር።

«ከደብተሩ ሌላ ምንም ማስረጃ የለም አባባ?»

«ነበር። የስም ዝርዝር። ስፌት ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን፤ ካምፑ የገቡትን ሰዎች ስም ከዚህም ከዚያም ሰምተን ይዘን ነበር።»

«የት ደረሰ?»

አጎቴ መሳቅ ጀመረ። ያስለቀሰው ሳቅ ነው። «ማንም የማይፈትሽበት ቦታ ደበቅነው። በጣም ጥሩ ቦታ ስለነበረ እኛም መልሰን አላገኘነውም። ይተዉት፣ ብነግርዎ ሽማግሌው አብዷል ይላሉ።»

* * *

መጀመሪያ ፋሽን ጋ ሄድን። «ሄድን» የምለው ኢንስፔክተሯ «ነይ፣ ቢጫ ፕላስቲኩን ካየሽ ለይልኝ» ስላለችኝ ነው። እትዬ ዳቦ ደግሞ ቀድመው ሹክ ብለዋታል፤ እሁድ ፋሽን ብብቱ ሥር የሆነ ነገር ሸጉጦ በጓሮ በኩል ሲሹለከለክ አይተውታል።

ፋሽን መቀሱን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ኢንስፔክተሯን ሲያይ መቀሱን ጥሎ እጁን አነሳ። ማንም እጅ ወደ ላይ አላለውም!

«ብሎን መፍቻ አለህ?»

«የስፌት መኪና ያለው ሰው ሁሉ አለው! እሷም ቤት አለ!»

«እሁድ ብብትህ ሥር ምን ይዘህ ነበር?»

ፋሽን ተቁለጨለጨ። ዓይኑ ሳያስበው ወደ መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ሄደ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ቢጫ ፕላስቲክ!

«እሱ ነው! እሱ ነው!» ብዬ ዘለልኩ። አጎቴ ዳነ፣ አባቴ ዳነ፣ እኔም ዳንኩ ብዬ።

ኢንስፔክተሯ ጥቅሉን ፈታችው። ግራጫ ኮት ነው። አዲስ፣ የሚያምር፣ ትከሻው ቀጥ ያለ። ገበሩን ገለበጥኩትና አፌን ያዝኩ። ያንን ስፌት ተኝቼም አውቀዋለሁ።

«የማን ሥራ ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ፋሽን ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጎረቤቴ ነው።»

«ልብስ ሰፊ ሆነህ ሌላ ሰው ጋ ታሰፋለህ?»

«የሰው እሰፋለሁ። ለራሴ ግን... እሱ ሲሰፋው ነው የሚያምርብኝ። ቅዳሜ በጓሮ ተቀበልኩት፤ እሁድ ለሚስቴ ለብሼ ላሳያት ወሰድኩት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከሷ ጋ ነበርኩ፣ ጠይቋት። በእናታችሁ ደንበኞቼ እንዳይሰሙ!» ከዚያ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። «አንቺ በተለይ!»

ስንመለስ «አጎቴ፣ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«የደንበኛ ልክ ምስጢር ነው» አለኝ። «ምስጢር ማለት ምን እንደሆነ አንድ ቀን እነግርሻለሁ።»

ይገባኛል። ዝም አልኩ። አምስት ደቂቃ ሙሉ።

* * *

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዳቦ ጋ ገባን። እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ምድጃ ሥር እንደነበሩ ሦስት የዳቦ ሠራተኞች መሰከሩላቸው። ደግሞ እትዬ ዳቦን በዚያች መስኮት ማሳለፍ ዝሆንን በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ ነው፤ ራሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት።

ቀጥሎ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለው አበባ ቤት። እኔ እንኳ መግባቱ አሳፍሮኝ ነበር። አበቦቹ በየባልዲያቸው በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ፣ አንዷም ከመስመር አልወጣችም። ጋሼ ኩርኮራ ለኢንስፔክተሯ አንድ ቀይ አበባ መዘው ሰጧት።

«ደብተሩ ጠፋ ሲሉኝ አለቀስኩ» አሉ። «እኔም ከዚያው አገር ነው የተሰደድኩት። እሁድ? እሁድ የአበባ ቀን አይደል፣ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ። እትዬን ይጠይቋት፤ ሬዲዮዬን ስትሰማ ነው የዋለችው።»

ኢንስፔክተሯ አበባውን አሸተተች፣ አመሰገነች፣ ወጣች።

«እሳቸውን መጠርጠር ኃጢአት ነው» አልኳት።

«ኃጢአት የቄስ ሥራ ነው፤ እኔ ደሞዜን የማገኘው በመጠርጠር ነው» አለችኝ።

ማክሰኞ ምንም አልተገኘም። አጎቴ ለሐሙስ የሚናገረውን ለራሱ ሲለማመድ ሰማሁት። «ፊቱን አላየሁትም፤ ነገር ግን...» ይልና ይቆማል። እንደገና ይጀምራል። «ፊቱን አላየሁትም፤ ነገር ግን...» እናቴ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስትመለስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተገኘ?» አልተገኘም። እራቷን ሳትጨርስ ተኛች።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ባዶ እጇን መጣች። ማለቴ ባዶ እጇን አይደለም፤ የእትዬ ዳቦን ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። ጥግ ላይ ተቀምጣ እየገመጠች ማስታወሻዋን ታገላብጣለች። እኔ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ሆኜ ቁልፍ እተክላለሁ።

ጋሼ ኩርኮራ ገቡ። ጥግ የተቀመጠችውን ኢንስፔክተር አላዩአትም፤ የተሰቀለ ካፖርት ይጋርዳታል።

«የኔ ልጅ፣ ያንን ሱሪዬን መልሺልኝማ። ሐሳቤን ቀየርኩ። አዲስ አልፈልግም።»

«እሺ ጋሼ» አልኩና ተነስቼ ሚስማሩ ላይ አየሁ። የለም። መደርደሪያው ላይ የለም። ካውያ መተኮሻው ሥር የለም።

«አጣሽው?»

«ይገኛል ጋሼ፣ እኔ ቤት የጠፋ ነገር የለም፤ ቦታው ብቻ ነው የማይታወቀው።»

ሳቅ አሉ። ግን አልሄዱም። «ቆይ ላግዝሽ» ብለው ጠረጴዛውን ዞረው ገቡ። አንዱን ጨርቅ አነሱ፣ ሥሩን አዩ። አስቀመጡት። ሌላውን አነሱ፣ ሥሩን አዩ፣ አስቀመጡት። ግንባራቸው ላብ አውጥቷል።

እኔ ላቡን ነበር የማየው። ኢንስፔክተሯ ግን እጃቸውን ነበር የምታየው። ዳቦው አፏ ውስጥ ቆሟል፤ ማኘክ ትታለች። እኔም ዞር ብዬ አየሁ።

እያንዳንዱን ያነሱትን ጨርቅ ሲያስቀምጡ ያጥፉታል። ሳያስቡት። ወደ ሌላ እያዩ። በአራት ማዕዘን፣ ጠርዝ ለጠርዝ፣ ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ።

«ጋሼ» አለች ኢንስፔክተሯ ብድግ ብላ፤ ክው አሉ። «ይተዉት፣ ልጅቷ ፈልጋ ታመጣልዎታለች። ምን ያስቸኩላል፣ አሮጌ ሱሪ አይደል?»

«አይ... አሮጌ ነገር ስለምወድ ነው» አሉና ፈገግ ብለው ወጡ።

ኢንስፔክተሯ ዳቦውን ዋጠች። በሩ ላይ ወጥታ «እትዬ!» ብላ ተጣራች። «እሁድ አበባ ሻጩን በዓይንዎ አዩት ወይስ ሬዲዮውን ነው የሰሙት?»

«ያው ነው እኮ ልጄ፣ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ...» እትዬ ዳቦ ቆም አሉ። «ውይ በሞትኩት! ራሱንስ አላየሁትም!»

ኢንስፔክተሯ ወደኔ ዞረች። «ሱሪው የት ነው?»

«ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ቅዳሜ ምን ምን አደረግሽ? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

እኔን እንዲህ ብሎ ለጠየቀ ሰው ወዮለት! ከቁርሴ ጀመርኩ። ካውያው ጋ ስደርስ «ከዚያ ወንበሩ ቆረቆረኝ፣ ስለዚህ የሆነ ነገር አጥፌ...» አልኩና ቆምኩ።

ሁለታችንም ወንበሬን አየነው። ከቅዳሜ ጀምሮ የተቀመጥኩበት ትራስ ከነፌስታሉ ሱሪ ነው። እንደ ዱባ የታጠፈ።

* * *

አጎቴ ሱሪውን መስኮቱ ጋ ወስዶ ገለበጠው። ውጪው ጥቁር ነው፤ ውስጡ ስፌቱ ሥር ግን የድሮ ካኪ ቀለም ነው። ከተሰፋ በኋላ የተቀለመ ልብስ ስፌቱን ገለጥ ሲያደርጉት ያሳብቃል። ጣቱን በስፌቱ ላይ ቀስ እያደረገ አሳለፈው፤ ዓይነ ስውር ፊት ሲዳስስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደሱ።

«ሜትር» አለኝ።

የግራውን እግር ለካ። የቀኙን ለካ። ሁለት ጣት።

«ይሄ እጅ የኔ ነው» አለ። «ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ያለው እጄ።»

«ታዲያ ለምን ወደ እርስዎ አመጣው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ይሄን እግር የሚደብቅለት ሌላ ሰፊ አላገኘማ። እዩት፣ ማጠሩ እንዳይታይ ጉልበቱ ጋ ነው ያስተካከልኩት። ማንኛውም ልብስ ሰፊ ከለካው ጉዱ ይወጣል፤ ሱሪውን ብቻ ከሰጠ ግን ልኩ ከሱሪው ላይ ይቀዳለታል። የሰፋሁት እኔ መሆኔን አላወቀም። እኛ ፊቱን እንዳናይ ተከለከልን እንጂ፣ እሱም እኮ የኛን ፊት አንድ ቀን አላየም። እስረኛ ለሱ እጅና መርፌ ነው።»

«ዓርብ ግን ያ ሰፊ ማን እንደሆነ ከዚህች ልጅ ሰማ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እሁድ ደብተሩን ወሰደ። ያኔ ሱሪውን አልፈለገውም። ደብተሩን ከፍቶ የገዛ ልኩን ሲያነብ ነው የገባው፤ ልኩን ቢያጠፋም ልኩ የተሰፋበት ልብስ እዚህ ቀርቷል።»

አጎቴ አይሰማትም። እጁ የሱሪው ወገብ ላይ ቆሟል። አንድ ቦታ ጫን አደረገ። ትንሽ አለፍ ብሎ ጫን አደረገ። ከዚያ ያ ሳቅ መጣበት፣ የሰኞው።

«ምላጭ ስጪኝ!»

የወገቡን እጥፋት ተረተረው። ከውስጡ እንደ ጣቴ የቀጠነ ነጭ ጨርቅ ተስቦ ወጣ፤ ረዥም፣ በሰማያዊ ክር የተጠለፈ። ክሩ ፊደል ነው። ፊደሉ ስም ነው። ሠላሳ አንድ ስም።

«የአዛዡን ሱሪ ማን ይፈትሻል?» አለ አጎቴ እንባውን በክንዱ እየጠረገ፣ እየሳቀ። «ከካምፑ ይዞልን ይወጣል፣ አንድ ቀን ሌላ ሰፊ ሲያጠበው ያገኘዋል አልን። እሱ ግን ወደደው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስማቸውን ወገቡ ላይ ታጥቆ ዞረ!»

አጎቴ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አውራ ጣቱን አንዱ ስም ላይ አድርጎ ቆየ። ምንም አላለኝም። እኔም፣ እኔም ሳልቀር፣ ምንም አላልኩም።

* * *

ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም።

አበባ ቤቱ ስንገባ ፈገግ ብሎ «ሱሪዬ ተገኘ?» አለ።

«ተገኘ» አለች ኢንስፔክተሯ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። «ግን ልብስ ሰፊው ልክዎን ሳልወስድ አልመልስም አለ።»

«አይ፣ እኔ እኮ ይኮረኩረኛል...»

«እንስቃለና! እጅዎን ዘርጋ ያድርጉ።»

አጎቴ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። እኔ አዲስ ደብተር ይዣለሁ። ትከሻውን ለካ፤ ግራው በአንድ ጣት ዝቅ ያለ። ወገቡን ለካ፤ ሰፍቷል፣ አሥራ አራት ዓመት ነው። ተንበርክኮ ግራ እግሩን ለካ። ቀኝ እግሩን ለካ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ እጽፋለሁ። ሁለት ጣት።

ሰውየው አልሳቀም። አልተቁነጠነጠም። እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ ቆሞ ትንፍሽ ሳይል ተለካ፤ ድሮ እንደሚለካው።

«አልኮረኮረዎትም?» አለች ኢንስፔክተሯ።

አጎቴ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሜትሩን ጠቀለለ። ከዚያ ዓይኑን ከኮሌታው በላይ አነሳ። አገጩን አየ፣ አፍንጫውን አየ፣ ዓይኑን አየ። ረጅም ጊዜ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚመስለው?» አለ። «እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው መስሎኝ ነበር።»

ደብተሩን አቃጥሎት ነበር። አመዱ ከኋላ ክፍል በቆርቆሮ ውስጥ ተገኘ። ቢጫው ፕላስቲክ ግን አጠገቡ ተቀምጧል፤ በአራት ማዕዘን ታጥፎ።

* * *

ሐሙስ መርማሪዎቹ ሁለት ሆነው መጡ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ ስፌት ቤታችን ገቡ። እናቴ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች። እትዬ ዳቦ ዳቦ ልከዋል። ፋሽን እንኳ መጣ፣ ግራጫ ኮቱን ለብሶ፤ ማን እንደሰፋው የጠየቀው የለም፣ ሁሉም ሰምቷል (እኔ አይደለሁም፣ ማለቴ ሙሉ በሙሉ እኔ አይደለሁም)። ኢንስፔክተሯ ሌላ ቁልፍ በጥሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

አጎቴ «ፊቱን አላየሁትም፤ ነገር ግን» ብሎ አልጀመረም። «ትናንት አየሁት» ብሎ ጀመረ።

ተናግሮ ሲጨርስ ጨርቁን ዘረጋላቸው። ክሩ ደብዝዟል፣ የአጎቴ ዓይን ደግሞ ደክሟል። ሴትዮዋ «ማን ያነብልናል?» አለች።

አጎቴ ወደኔ አየ። «ዛሬ አፍሽን አልከለክልም። ጮክ በይ።»

አነበብኩ። ሠላሳ አንዱንም፣ ቀስ ብዬ፣ አንዱንም ሳልውጥ። አንዱ ጋ ስደርስ እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ እኔ ግን ማንበቤን አላቆምኩም፤ ካቆምኩ እንደማልቀጥል አውቃለሁ።

ሴትዮዋ እየጻፈች «ያነበበችው ሰው ሙሉ ስም?» አለች።

ስሜን ነገርኳት።

«የአባት ስም?»

ነገርኳት። ብዕሯ ቆመ። ጨርቁን አየች፤ ጣቷን ከላይ ጀምራ ወደ ታች አወረደች፣ ሰባተኛው ስም ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«አዎ» አልኳት። «እሱ ነው። ታስሮ ነበር። ይጻፉት።»

ጻፈችው። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠችና «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለችኝ።

እናቴና አጎቴ ከነገሩኝ ጀመርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት አወራሁ፤ ማንም «በቃሽ» አላለኝም።